ታዲያ ማን ይንገረው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ የራሴው ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንደን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስልክ ደወለችልኝ። የአሥር ዓመት ልጇ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዞ መጥቷል። ደብዳቤው ልጆቹ በሚቀጥለው ወር ስለ ጉርምስና፣ ስለ ሰውነት ለውጥና ስለ ፅንስ እንደሚማሩ ይገልጻል። ወላጆች አስቀድመው መጥተው መጽሐፉንና ሥዕሎቹን እንዲመለከቱ ይጋብዛል። ያልፈለገ ወላጅ ልጁን ከዚያ ትምህርት ማስወጣት እንደሚችልም ይጨምራል።

«ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ብዙም ሳላስብ «አስወጪው፤ እንዲህ ያለ ነገር ለልጅ አይነገርም» አልኳት። መጽሐፉን ሄዳ እንድታይ እንኳ አልመከርኳትም።

እንዳልኳት አደረገች። ትምህርቱ በተሰጠበት ቀን ልጁ ብቻውን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀመጠ። በእረፍት ሰዓት ጓደኞቹ ከበቡትና መምህሯ በሥርዓት ያስረዳቻቸውን ነገር እነርሱ በሳቅና በብልግና ቀላቅለው ነገሩት። ማታ ቤት ገብቶ እናቱን ጠየቃት። እርሷም በማግሥቱ መልሳ ደወለችልኝ። «ያሉኝን አደረግሁ፤ አስወጣሁት። ታዲያ ማን ይንገረው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ውድ አንባቢ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ለደረሶች የጦሃራን ምዕራፍ ሳቀራ የኖርኩ ሰው ነኝ። የሐይድና የጀናባ ሕግ በቃሌ ነው። ለራሴ ልጅ ግን በአማርኛ አንዲት ቃል ነግሬው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት ተነሳሁ። ወላጅና ትምህርት ቤት በዚህ ጉዳይ የት ተገናኙ፣ የትስ ተለያዩ? ያገኘሁትን እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የዓመተ ምሕረቱ አቆጣጠር፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን ነው።

ከመዲና መስጂድ እንጀምር

ብዙዎቻችን ስለ ሰውነትና ስለ ፆታ ማስተማር ከምዕራቡ ዓለም የመጣ ነገር ይመስለናል። ታሪካችን የሚመሰክረው ግን ሌላ ነው። የአነስ ኢብኑ ማሊክ እናት ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥታ፣ አላህ ከእውነት እንደማያፍር በማስታወስ ጥያቄዋን ጀመረች። ወንድ በሕልሙ የሚያጋጥመው ነገር ሴትን ቢያጋጥማት መታጠብ ይኖርባት እንደሆነ ጠየቀች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልተቆጧትም፤ ፈሳሹን ካየች እንድትታጠብ በግልጽ መለሱላት። እዚያ የነበረችው ኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ) ከሐያእ የተነሳ ፊቷን ሸፈነች። ልብ በሉ! ሁለቱም የተከበሩ ሴቶች ናቸው። የአንዷ ሐያእ የሌላዋን ጥያቄ አልከለከለም። በዚያች ጥያቄ የተነሳ ይኸው እስከ ዛሬ የሙስሊም ሴት ሁሉ ሕጉን ታውቃለች።

ዓሊይ (ረ.ዐ) ደግሞ ስለ ሰውነቱ የሚጠይቀው ጉዳይ ነበረው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አማች በመሆኑ አፈረ። ግን አፍሮ ዝም አላለም፤ ሚቅዳድን (ረ.ዐ) ልኮ አስጠየቀ። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ከመማር ስላላገዳቸው ነበር። እንግዲህ ሐያእ የሚባለው ይህ ነው። ምላስን ከብልግና ይጠብቃል እንጂ ከዕውቀት አያግድም።

አንድ ወጣት ደግሞ ዝሙት እንዲፈቀድለት ሊለምን በመጣ ጊዜ በዙሪያው የነበሩት ሊገሥፁት ተነሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን አቅርበው አስቀመጡት። ለእናቱ፣ ለልጁ፣ ለእህቱ፣ ለአክስቶቹ ይህን ይወድ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁት። እርሱም ለአንዳቸውም እንደማይወድ መለሰ። ሌላውም ሰው ለዘመዶቹ እንደማይወደው አስገነዘቡት፤ እጃቸውን አሳርፈውበትም ዱዓ አደረጉለት። ዛሬ ልጅህ ይህን የመሰለ ጥያቄ ቢጠይቅህ፣ አቅርበህ ታስቀምጠዋለህ ወይስ ከቤት ታስወጣዋለህ?

ቤታችንም ቢሆን ሥርዓት ተሰርቶለታል። ሱረቱ አን-ኑር ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ወደ ወላጆቻቸው ክፍል ሲገቡ ፈቃድ የሚጠይቁባቸውን ሦስት ጊዜያት ይዘረዝራል። እነዚህም ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻእ በኋላ ናቸው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ልጆች በሰባት ዓመታቸው ሶላት እንዲታዘዙ፣ አሥር ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለያይ ተነግሯል። ትምህርቱ እንግዲህ ከጥቁር ሰሌዳ በፊት ከበርና ከመኝታ ይጀምራል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ መምህራንም ወላጆች ናቸው።

ዑለማዎቻችንም ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን የሐድረሞቱ ዓሊም ሳሊም ኢብኑ ሱመይር ያዘጋጇት «ሰፊነቱ ነጃ» የተባለች ትንሽ የሻፊዒይ ፊቅህ ኪታብ አለች። ከኢንዶኔዥያ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ለጀማሪ ልጆች ስትቀራ ኖራለች። የኢስላምን ማዕዘናት፣ የኢማንን ማዕዘናትና የሸሃዳን ትርጉም እንደጨረሰች ወዲያው የምታስተምረው ምን መሰላችሁ? የቡሉግን፣ ማለትም የአካለ መጠን መድረስን ምልክቶች ነው። አሥራ አምስት ዓመት መሙላት፣ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ የሚከሰት ኢሕቲላም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት ጀምሮ ሊመጣ የሚችል ሐይድ። ከወዱእና ከሶላት በፊት መቅደሙ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጅ ከዚያች ቀን ጀምሮ ሙከለፍ ይሆናል፤ ሶላቱም ጾሙም ይጻፍበታል። ምልክቱን ያላወቀ ልጅ ግዴታው መቼ እንደጀመረ በምን ያውቃል?

ትምህርቱ ወደ መንግሥት እጅ እንዴት ገባ?

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር፤ ለአክስቴ ልጅ የደረሳት ደብዳቤ የመጣው ከዚያ ታሪክ ነውና። በዓለም ላይ የፆታን ትምህርት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ግዴታ በማድረግ ቀዳሚዋ ስዊድን ናት፤ ዘመኑም 1955 ነበር። ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ስለ አባላዘር በሽታ፣ ከጋብቻ ውጭ ስለሚወለዱ ልጆችና በድብቅ ስለሚፈጸም ውርጃ ብዙ ክርክር ተካሂዷል። መንግሥት ጉዳዩ ለቤት ብቻ የሚተው አይደለም ብሎ ወሰነ።

ዴንማርክ በ1970 ተከተለች። የእርሷ ሕግ ግን አንድ የተለየ ነገር ነበረው። ትምህርቱ ራሱን ችሎ በተለየ ሰዓት የሚሰጥ ሳይሆን ከሌሎች ትምህርቶች ጋር የተቀላቀለ ሆነ። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ማስወጣት ቢፈልግ እንኳ ከየቱ ትምህርት ሊያስወጣ ይችላል? ኬልድሰን፣ ቡስክ ማድሰንና ፔደርሰን የተባሉ ሦስት ቤተሰቦች ነገሩ ክርስቲያናዊ እምነታችንን ይጻረራል ብለው አቤቱታቸውን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱ።

ፍርድ ቤቱ ታኅሣሥ 7 ቀን 1976 ስድስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ወላጆቹ ተረቱ ሲል በየነ። የፍርዱ ቃል ግን በጥሞና ሊነበብ የሚገባው ነው። መንግሥት ሥርዓተ ትምህርት የማውጣት ሥልጣን አለው፤ ነገር ግን ዕውቀቱን ሚዛናዊና ልዩ ልዩ አስተሳሰቦችን ባገናዘበ መንገድ ማቅረብ አለበት። የወላጆችን እምነት ንቆ በልጆች ልብ ውስጥ የራሱን አመለካከት መትከል አይፈቀድለትም አለ። ቀጥሎም ወላጆች ልጆቻቸውን በሃይማኖታቸው መሠረት የመምከርና የመምራት መብታቸው እንዳልተነካ አመለከተ። በአጭር አነጋገር፣ ዳኞቹ ወላጆቹን ወደ ቤታቸው መለሱና «ያ በር ክፍት ነው» አሏቸው። ለመሆኑ ስንቶቻችን ነን በዚያ በር የገባን?

የእንግሊዝ ወላጆች ረጅም ክርክር

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ተጓዘች። በ1944 የወጣው የትምህርት ሕግ በየትምህርት ቤቱ የሃይማኖት ትምህርትና የጋራ ጸሎት እንዲኖር አዝዞ፣ ወላጅ ልጁን ከሁለቱም እንዲያስወጣ ፈቅዶ ነበር። ስለ ፆታ ትምህርት ግን ለረጅም ጊዜ የተጻፈ ግዴታ አልነበረም። ነገሩ በትምህርት ቤቱና በአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ፈቃድ የሚወሰን ነበር።

ክርክሩን ያቀጣጠለችው አንዲት እናት ናት። በ1980 የጤና ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ሐኪሞች ለየት ባለ ሁኔታ ከ16 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ ወላጆቿ ሳያውቁ የእርግዝና መከላከያ ምክር ሊሰጡ እንደሚችሉ ተገለጸ። ካቶሊኳ ቪክቶሪያ ጊሊክ የብዙ ልጆች እናት ነበረችና ፍርድ ቤት ቆመች። በ1983 ተረታች፤ በታኅሣሥ 1984 በይግባኝ አሸነፈች። በጥቅምት 1985 ደግሞ ያኔ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ፈረደባት። የዳኞቹ ሐሳብ ሲጠቃለል፣ የወላጅ ሥልጣን የልጁ ማስተዋል እያደገ ሲሄድ እየቀነሰ ይሄዳል የሚል ነበር። ጉዳዩ የትምህርት ቤት ባይሆንም ብዙ ወላጆች «ልጃችን ከእጃችን እየወጣ ነው» ብለው ሰጉ።

በዚህ ስጋት መካከል በ1986 አዲስ የትምህርት ሕግ ወጣ። የፆታ ትምህርት ይሰጥ አይሰጥ፣ ከተሰጠስ እንዴት የሚለውን ውሳኔ ለየትምህርት ቤቱ አስተዳደር ቦርድ ሰጠ። ቦርዱ አቋሙን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ፣ ትምህርቱም ለሥነ ምግባርና ለቤተሰብ ኑሮ ክብር እንዲሰጥ አዘዘ። ይኸው ሕግ በቦርዱ ውስጥ በወላጆች የሚመረጡ ወላጆችን ቁጥርም ከፍ አደረገ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወላጅ ስለ ትምህርቱ ከሚወስኑት ጋር አብሮ የሚቀመጥበት ወንበር በሕግ ተሰጠው ማለት ነው።

በ1987 ደግሞ የኤድስ በሽታ ስጋት አይሎ የእንግሊዝ መንግሥት ማስጠንቀቂያ የያዘ በራሪ ጽሑፍ ለየቤቱ አደረሰ። ሳይወዱ በግድ ወሬው በሁሉም ሳሎን ገባ። በ1993 የወጣው ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፆታን ትምህርት፣ ስለ ኤድስ ጭምር፣ ግዴታ አደረገ። በዚያው ሕግ ወላጅ ምክንያቱን እንኳ ሳይናገር ልጁን ከዚህ ትምህርት የማስወጣት መብት ተሰጠው። በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የሚሰጠው የሰውነት ሥነ ሕይወት ግን ለሁሉም ቀረ።

እንግዲህ ወላጅ በሕግ ሁለት ነገር አገኘ። አንዱ መውጫ በር ነው፤ ልጁን ማስወጣት። ሌላው ወንበር ነው፤ በቦርዱ ተቀምጦ መነጋገር። ሙስሊሙ ማኅበረሰብ በአብዛኛው ከፓኪስታን፣ ከህንድና ከባንግላዴሽ የመጣ ሠራተኛ ነበር። በሌሊት ፈረቃ ከፋብሪካ የሚመለስ፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ደብዳቤ የሚደርሰው አባት ስብሰባ ቢቀር ማን ይፈርድበታል? መውጫው በር ቀላል ነው፤ አንድ ፊርማ ይበቃል። ወንበሩ ግን ጊዜና ቋንቋ ይጠይቃል።

ቢሆንም የሠሩ ነበሩ። በ1966 የተቋቋመው የሙስሊም ትምህርት ትረስት የፆታን ትምህርት ከኢስላም አንጻር የሚያስረዳ መጽሐፍ ለወላጆችና ለመምህራን አሳትሟል። የብሪታንያ ሙስሊሞች ምክር ቤትም በ2007 ለትምህርት ቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ ይህንኑ ጉዳይ አንስቷል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ፣ ከተቻለም በየፆታቸው መምህር እንዲማሩ መክሯል። እነዚህ ሰዎች «አንፈልግም» ብቻ ብለው አልተመለሱም፤ የሚፈልጉትንም ጽፈው አቀረቡ።

በርሚንግሃም፣ 2019

በ2017 በወጣ ሕግና በተከታዩ ደንብ መሠረት ከመስከረም 2020 ጀምሮ በእንግሊዝ ሁሉም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነትና ስለ መልካም ግንኙነት ማስተማር ግዴታቸው ሆነ። ከዚህኛው ማስወጣት አይቻልም። በሁለተኛ ደረጃ የፆታ ትምህርት ይጨመራል። ከዚህኛው ወላጅ ልጁ እንዲወጣ መጠየቅ ይችላል። ይሁንና ልጁ 16 ዓመት ሊሞላው ሦስት የትምህርት መንፈቅ ሲቀረው መማር ከፈለገ ውሳኔው የእርሱ ይሆናል። ትምህርት ቤቶች መርሐቸውን ሲያዘጋጁ ወላጆችን ማማከር እንዳለባቸውም ተደነገገ።

ሕጉ ገና ሥራ ላይ ሳይውል፣ በ2019 መጀመሪያ፣ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባት በበርሚንግሃም ከተማ ግርግር ተነሳ። ፓርክፊልድ በተባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዕድሜና በመሳሰለው የሚለያዩ ሰዎችን ስለ ማክበር የሚያስተምር መርሐ ግብር ነበር። ከሥዕል መጻሕፍቱ መካከል ሁለት እናት ወይም ሁለት አባት ያሉባቸውን ቤቶች የሚያሳዩ ይገኙበታል። በርካታ ሙስሊም ወላጆች «ሳንመከርበት፣ ከእምነታችን ውጭ፣ ለሕፃን ልጅ!» ብለው በሩ ላይ ተሰለፉ፤ ልጆቻቸውንም ለአንድ ቀን ከትምህርት ያስቀሩ ብዙዎች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ የአገሪቱን የእኩልነት ሕግ እያስተማርኩ ነው፣ ይህ የፆታ ትምህርት አይደለም አለ።

ጋብቻ በኢስላም ምን እንደሆነ እኔና አንተ አንከራከርም፤ ብይኑ የታወቀ ነው። እዚህ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ወላጅ ተቃውሞ ሲኖረው በየትኛው መንገድ ይሂድ? ፓርክፊልድ በመጋቢት መርሐ ግብሩን አቆመ። ከወላጆች ጋር ተከታታይ ውይይት ተደረገ። በሐምሌ መርሐ ግብሩ ተሻሽሎ እንደገና እንደሚጀመር ተገለጸ። ሁሉም ወላጅ አልተደሰተም፤ ነገር ግን ተቀምጠው ከተነጋገሩ በኋላ የተለወጠ ነገር ነበረ።

በዚያው ከተማ በአንደርተን ፓርክ ትምህርት ቤት የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰልፉ ለወራት ቀጠለ። ልጆች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ከበሩ ላይ የድምፅ ማጉያ ጩኸት ይሰሙ ነበር። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ በዚያ ትምህርት ቤት የሚማር የራሱ ልጅ አልነበረውም። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ኅዳር 26 ቀን 2019 በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ሰልፍ እንዳይደረግ ከለከለ። ዳኛው ማስረጃውን ከመረመሩ በኋላ ትምህርት ቤቱ ያላስተማረው ነገር አስተማረ ተብሎ እጅግ በተዛባ መልክ መወራቱን በፍርዳቸው አስፈሩ።

ይህች የመጨረሻዋ ነገር ውስጤን ነካችው። ያልተረጋገጠ ወሬ ይዞ የመጣን ሰው ነገር እንድናጣራ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው እኛ አይደለንም? በዚያ ሰልፍ ከነበሩት መካከል እውነተኛ ጭንቀት ያለባቸው እናቶች እንደነበሩ አልጠራጠርም። ወሬው ሲገነፍል ግን የእነርሱም እውነት አብሮ ፈሰሰ። እኔም ብሆን የአክስቴን ልጅ «አስወጪው» ስላት መጽሐፉን አይቼው ነበር? አላየሁትም። የበርሚንግሃሙን ሰልፈኛ ለመውቀስ አፌን ስከፍት የራሴ ስልክ ትዝ ይለኛል።

ከሰልፉ በኋላም ሥራው አላበቃም። በሐምሌ 2025 የእንግሊዝ መንግሥት ከመስከረም 2026 ጀምሮ እንዲሠራበት ያወጣው አዲስ መመሪያ ወላጆች ልጆቻቸው የሚማሩበትን ጽሑፍና ሥዕል ማየት እንዲችሉ ያሳስባል። በሩ ተከፍቶ መቆየቱን ተመልከቱ! ሄዶ የሚያይ ግን ያስፈልጋል።

ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

ውድ አንባቢ፣ ከ1955 እስከ ዛሬ ያለውን ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ መጽሐፉ ከታተመ በኋላ፣ ልጁ ከሰማ በኋላ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሚቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ልጁን ማስወጣት ወይም በር ላይ መጮኽ። ቀድሞ የመጣ ግን ይጠይቃል፣ ያያል፣ ያስተካክላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ራሱ ለልጁ ይነግራል።

«ይህ የእንግሊዝ ነገር ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በአገራችንም የልጆቻችን የሳይንስና የባዮሎጂ መጽሐፍ ስለ መራቢያ አካላት ያስተምራል። የወላጅና መምህር ኅብረትም በየትምህርት ቤቱ አለ። በመጨረሻ ስብሰባ የሄድከው መቼ ነው? የሄድከውስ ስለ መዋጮ ሲነገር ነው ወይስ ልጅህ ስለሚማረው ነገር ለመጠየቅ?

እኛ መድረሳ የምናስተምርም ከወቀሳው አናመልጥም። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ደረሳ ነበረችኝ። የሐይድን ምዕራፍ ከነትርጉሙ በቃሏ የምታወርድ ጎበዝ ልጅ ነበረች። ከዓመት በኋላ ሐይድ ሲመጣባት ግን «ታምሜያለሁ፣ ልሞት ነው» ብላ ሦስት ቀን ተደብቃ ስታለቅስ እንደከረመች እናቷ ለባለቤቴ ነገረቻት። ያቀራኋት እኔ ነኝ! ዐረብኛውን ሰጠኋት፤ ትርጉሙንም በኪታብ አማርኛ አስጠናኋት። ይህ ነገር በአንቺ በራስሽ ላይ ይመጣል፣ በሽታ አይደለም፣ የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ በቤት ቋንቋ የነገራት ግን አልነበረም። እናቷ ኡስታዙ አስተምሯታል ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ እናቷ ትነግራታለች ብዬ ነበር። ልጅቱ በሁለታችን መካከል ወደቀች።

በቤትና በትምህርት ቤት መካከል የሚወድቅ ልጅም እንዲሁ ነው። መምህሩ የቤት ሥራ ነው ይላል፤ ወላጁ የትምህርት ቤት ሥራ ነው ይላል። መካከል ላይ የቆመው ልጅ ደግሞ በዘመናችን ከኪሱ ስልክ አውጥቶ የፈለገውን ይጠይቃል። የሚያገኘው መልስ ምን ዓይነት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ እንደ ወንድም ልምከርህ። ትንሽ ልጅህን ዐውራው ምን እንደሆነ፣ ማንም እንዲነካው እንደማይፈቀድ፣ የነካው ቢኖር ሳይፈራ እንዲነግርህ ከኢስቲንጃእ ትምህርት ጋር አስተምረው። አሥር ዓመት ሳይሞላቸው መኝታቸውን ለይ፤ ለምን እንደለየኸውም ንገራቸው። እናት ለሴት ልጇ ሐይድ ሳይመጣባት፣ አባት ለወንድ ልጁ ኢሕቲላም ሳያጋጥመው ይቅደሙ። ከዚያ በኋላ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ዝሙት ጉዳት በተግሣፅ ብቻ ሳይሆን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያ ወጣት ጋር እንደተነጋገሩት ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሲልክ ሂድ። መጽሐፉን እይ። ማን እንደሚያስተምር፣ መቼ እንደሆነ ጠይቅ። የማይስማማህን በአክብሮት ተናገር፣ የሚሻለውንም አመልክት። ሁሉን አይተህና መክረህ ልጄ ከዚህ ትምህርት ይውጣ ካልክ መብትህ ነው። ያን ጊዜ ግን የዚያን ቀን ትምህርት ቤት ሆነህ የምታስተምረው አንተ መሆንህን አትርሳ።

የአክስቴን ልጅ መልሼ ደወልኩላት። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቀጥሎ የልጁን አባት አቅርቢልኝ አልኳት። ከእርሱ ጋር ለረጅም ጊዜ ተነጋገርን፤ ምን እንደሚል፣ ከየት እንደሚጀምር አብረን አሰብን። እርሱም ከጁሙዓ ሶላት ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ ጎን ለጎን እየሄዱ ለልጁ ነገረው። ፊት ለፊት ካለመተያየታቸው የተነሳ እንዳልከበደው አጫወተኝ። ልጁ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ አንዱን መለሰለት፣ ሌላውን «ጠይቄ እነግርሃለሁ» አለው። የጠየቀው እኔን ነበር።

በዚያው ሳምንት የራሴን ልጅ ይዤ ከመንደር ወጣ አልኩ። ዕድሜው አሥራ አራት ሆኖት ነበር። የምነግረውን አብዛኛውን ቀድሞ ሰምቶታል፤ ከማን እንደሰማው ሊነግረኝ ግን አልፈለገም። ዘግይቼ ነበር። ታናሹ ገና ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኢንሻአላህ እርሱን እቀድመዋለሁ።

አላህ ልጆቻችንን በዕውቀትና በሐያእ ያሳድግልን። እኛንም በአማናችን ላይ ከሚተኙት አያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።